የአርሊስ አረር መትከያ

ዌንደል ሃውገን በስቶን ፎርክ ከተማ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በነዳባቸው ክረምቶች ሁሉ ያልገጨው የፖስታ ሣጥን ብርቅ ነው። የሞንታና በረዶ መንገዱን ከእርሻው ሲያመሳስለው፣ ዌንደል አንዴ ክንድ ያህል ወደ ቀኝ፣ አንዴ ክንድ ያህል ወደ ግራ እያለ ያልፋል፤ ሰዎቹም በማግስቱ ሣጥናቸውን ከበረዶ ውስጥ ቆፍረው ያወጣሉ። ቅሬታ ይዘው ሲመጡ፣ «መንገዱ ከሣጥናችሁ ይበልጣል» ይላቸው ነበር። በመኪና ሥራ አንድ ክንድ ለዌንደል ምኑም አልነበረም።

በጥይት ግን ሌላ ሰው ነው። የጸጉርን ውፍረት ለሦስት ከፍሎ፣ ከሦስቱ አንዷ ስትጎድል እንቅልፍ ያጣል።

በስቶን ፎርክ ጥይት ከሱቅ ገዝቶ የሚተኩስ ወንድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ግብዣ ኬክ ከሱቅ ገዝታ እንደምትመጣ ሴት ነው የሚታየው። ማንም ፊት ለፊት አይነግረውም፤ ማንም ግን አይረሳለትም። ደህና ሰው የተኮሰበትን ቀለህ ይሰበስባል፤ ያጥባል፤ ባሩድ ይሞላል፤ አፉ ላይ አረር ይተክላል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ወንዶቹን የሚያጣላቸው የመጨረሻው ነው። አረሩ ቀለሁ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ ይተከል? ጠለቅ ካለ፣ ሲተኮስ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን ጥምዝ መስመር፣ እነሱ «ጥርሱ» የሚሉትን፣ እስኪያገኝ ድረስ ትንሽ ይዘላል። ወጣ ካለ ደግሞ ገና ሳይተኮስ ጥርሱን ነክቶ ይቀመጣል። የከተማዋ የተኩስ ክበብ በዚህ የተነሣ ነኪና ዘላይ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ዳስ ሥር ይተኩሳሉ እንጂ ከአንድ ፔርሙዝ ቡና አይቀዱም።

ዌንደል የነኪዎቹ አውራ ነበር። የዘላዮቹ አውራ ዱዌይን ፒኬት የልጅነት ጓደኛው ነው። ዱዌይን በሙያው ጸጉር አስተካካይ ስለሆነ፣ የጸጉር ውፍረት በተነሣ ቁጥር የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው ባይ ነው።

የነኪዎች መከራ ጥርሱ አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። በተተኮሰ ቁጥር እሳቱ ይልሰዋል፤ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ፊት ይሸሻል። ዌንደል ይከተለዋል። ርቀቱን ለማወቅ ይተኩሳል፤ በመተኮሱ ርቀቱ ይለወጣል፤ ስለተለወጠ እንደገና ይተኩሳል። በዚህ መንገድ አንድ በርሜል ጨርሶ ሁለተኛ አስገጥሟል። በሁለተኛውም ገና አልደረሰበትም።

ሚስቱ አርሊስ ጥርሱ የት እንዳለ አታውቅም ነበር፤ ማወቅም አትፈልግም። የሷ አረር ወገቡ ላይ እንደ ቀበቶ የዞረ ጭረት አለው። «ቀበቶው ጋ ሲደርስ ይበቃዋል» ትል ነበር፤ የጥልቀት ትምህርቷ ይኸው ነው። የዌንደል መሣሪያዎች ጋራዡን ሞልተው ሲተርፉ፣ አረሩን ቀለሁ ላይ ተጭና የምትተክልባት የሷ አንዲት ፕሬስ በወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጎን ታስራ ትቀመጣለች። የፕሬሷን አረር መትከያ በተጋቡ ሰሞን አንድ ጊዜ አስተካከለችው፤ ማጥበቂያ ቀለበቱን አጠበቀችው፤ ከዚያ ቀለበቱና መትከያው በሚገናኙበት ላይ አንድ ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም አፈሰሰችበት። ማንም ቢነካው ቀለሙ ይሰነጠቃል።

«ማንም ማለት ማን ነው?» አላት ዌንደል።

«በዚህ ቤት ድመት የለንም» አለችው። «ይሄ ቀለም ተሰንጥቆ ያገኘሁት ቀን ሾርባህን ራስህ ትሠራለህ።»

በየመኸሩ ዌንደል ከክበቡ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ጉድጓዶቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው አንድ የተቦጨቀ ቀዳዳ የሚመስሉበትን ወረቀት ፍሪጁ ላይ ይለጥፈዋል። አርሊስ ደግሞ ከተራራው አጋዘን ይዛ ትመጣለችና ፍሪጁ ውስጥ ትከተዋለች። «ዌንደል ወረቀት ይገድላል» ትላለች በሰው ፊት፣ «እኔ ደግሞ ወረቀት መቀቀል አልችልበትም።» የሷ አጋዘን ተፈጭቶ፣ ድቡልቡል ሆኖ፣ በክሬም መረቅ ተሠርቶ በሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን የመኸር እራት ላይ ይቀርባል። ዓመቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የማይስሙ ሰዎች እንኳ ያን ዕለት ጸሎት ሲያልቅ ይደርሳሉ።

አርሊስ ባለፈው ሚያዝያ፣ የወንዙ በረዶ ሲሰበር ሞተች። ሕመሙ ረጅም አልነበረም። ሴቶቹ በየሸክላ ሳህናቸው በድንችና በሥጋ የተጋገረ ምግብ ይዘው መጡ፤ ፍሪጁ ሞላ። ከዚያ ሳህኖቹ አንድ በአንድ ታጥበው ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። የመጨረሻው ሳህን ከሄደ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ።

ዕቃዋን ሲያነሣ ዌንደል በዱቄቱ ቆርቆሮ ጀርባ ኪያር በኮምጣጤ የሚዘፈዘፍበት አንድ የመስታወት ማሰሮ አገኘ፤ ውስጡ አርሊስ የሠራቻቸው ጥቂት ጥይቶች ነበሩ። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። በእጇ የተሠራ ጥይት ያለው ያ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ያልቃል። ስለዚህ አይነካውም። አንድ ቀን ጥልቀት የሚለካበትን ካሊፐር ከጋራዥ ይዞ መጥቶ፣ ማሰሮው ፊት ለፊት ትንሽ ቆሞ፣ ካሊፐሩን ወደ ቦታው መለሰ።

በመስከረም የእራቱ ኃላፊ ወይዘሮ ጉድሩን ትቬት መጡ። ከከተማዋ ሰው ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ከፓስተሩም በሥልጣን ይበልጣሉ። ተቀመጡና ጓንታቸውን አወለቁ።

«ዌንደል፣ ዘንድሮ ለእራቱ የበሬ ሥጋ እንግዛ ተባብለናል። ቸግሮኝ የመጣሁት ደጅ የምናቆመው የእራቱ ሰሌዳ ነው። ሁልጊዜ ‹የአርሊስ አጋዘን› ብለን ነበር የምንጽፈው።»

«እንዳለ ይጻፍ።»

«በበሬ ሥጋ ላይ?»

«አጋዘኑ ከዚህ ቤት ይመጣል፣ ወይዘሮ ጉድሩን።»

ወይዘሮ ጉድሩን ፍሪጁ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ከላይ እስከ ታች አዩ። «ከየትኛው ክፍል? ከጋራዡ ነው ከወጥ ቤቱ?»

«ከጋራዡ» አለ ዌንደል ቀና ብሎ።

«እንግዲህ ሰሌዳው በቀለም ነው የሚጻፈው። በጨርቅ አይጠፋም። አስበህ ተናገር።»

«ይጻፉት።»

ጻፉት። ሰሌዳው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመ፤ ከተማውም አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዌንደል የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በአርሊስ ስም ሥር ባዶ ድስት እንዳይቀመጥ።

ዌንደልን ዌንደል ያሰኘው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። የአደን ወራት ሲከፈት የከተማው ፒክአፕ ሁሉ ወደ ተራራው ወጣ፤ እሱ ወደ ተኩስ ክበቡ ሄደ። ነገሩ ትልቅ ስለሆነ ጥይቱም ፍጹም መሆን አለበት አለ። አረሩን በጸጉር ሲሶ አውጥቶ ይተኩሳል፤ በጸጉር ሲሶ አስገብቶ ይተኩሳል፤ ጥርሱ ይሸሻል፤ እንደገና ይለካል። ጥቅምት አለቀ። ዱዌይን የራሱን አጋዘን ገድሎ፣ አስፈጭቶ፣ አሽጎ ሲመለስ ዌንደልን እዚያው ዳስ ሥር አገኘው።

«ስማ፣ አጋዘኑ ያለው ተራራው ላይ ነው» አለው ዱዌይን። «እዚህ ያለው ካርቶን ነው።»

«መጀመሪያ ጥይቱን ላስተካክል።»

«የአጋዘን ደረት የመኪና ጎማ ያህላል እኮ! የሸሚዙን ቁልፍ ካልመታሁ ብለህ ነው?»

«ነገርን በትክክል መሥራት ነውር ሆነ?»

«የኔን የፖስታ ሣጥን ስትጥል ይሄ ትክክልህ የት ሄዶ ነበር?»

«እሱ መንገዱ ላይ ወጥቶ ነበር።»

«መንገዱ ነው እሱ ላይ የወጣው!» ዱዌይን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «የአርሊስ ጠመንጃ አለልህ እኮ። ጥይቷም አለ።»

«እሱን ተወው።»

«እሺ ተውኩት። እንደው ግን ምክር ስማ፤ ለአደን ስትሆን አረሩን ጠለቅ አድርገው። መንካት ለወረቀት ነው።»

«ዘላይ ይሄን ካላለ ምን ሊል ነው!» አለ ዌንደል፤ አረሩንም በእልህ ጥቂት ጨምሮ አወጣው።

የአደኑ ወራት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ዌንደል ጥይቱ ፍጹም ሆነ አለ። አብረው ወጡ። ዱዌይን ድርሻውን ስለጨረሰ ባዶ እጁን፣ ሳንድዊቹን ብቻ ይዞ ተከተለው። ቀትር ላይ ከአንድ የእሾህ ሽቦ አጥር ደረሱ። ሽቦ ስትሻገር ጠመንጃህን ባዶ አድርግ፤ የስቶን ፎርክ ልጅ ይህን ሕግ ከጸሎት በፊት ነው የሚማረው። ዌንደልም መቀርቀሪያውን ከፈተና ጥይቱን ሳበ።

የወጣው ቀለሁ ብቻ ነው። አረሩ በበርሜሉ ውስጥ ጥርሱን ነክሶ ቀረ። ከቀለሁ አፍ ባሩዱ እንደ ጥቁር ሰናፍጭ ተንሸራቶ በመቀርቀሪያው ሥር፣ በምላጩ መካከል፣ በየስንጥቁ ገባ።

«ወጣ?» አለ ዱዌይን ከኋላ።

«ቀለሁ ወጣ።»

«አረሩስ?»

ዌንደል አጎንብሶ በመቀርቀሪያው በኩል አየ። «ነክቷል።»

«ነክቷል ነው ያልከኝ?»

«አሳምሮ ነክቷል።»

ይህን ሲነጋገሩ ከአጥሩ ማዶ፣ ከጥዱ መሐል አጋዘኖች ወጡ። አንዷ ወፍራም እንስት አጋዘን ወደ ሜዳው ገብታ ቆመችና ሁለቱን ሽማግሌዎች አየቻቸው። ታመነዥካለች። ዌንደል ባሩዱን እፍ አለ፤ ጠመንጃውን ገለበጠ፤ በመዳፉ መታው። አረሩን ገፍቶ የሚያስወጣው ዘንግ ጋራዥ ውስጥ፣ በክብር ቦታው ተሰቅሏል። አጋዘኗ አይታ አይታ ስትጠግብ ዞር ብላ፣ ሳትሮጥ፣ ወደ ጥዱ ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ዱዌይን ለዚች ቀን ስንት ዓመት ሙሉ ቀልድ አጠራቅሞ ነበር። የጓደኛውን ፊት አየና አንዱንም አላወጣው። ሳንድዊቹን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ሰጠው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ፣ «ከኔ ሥጋ ውሰድ» አለው ዱዌይን። «ማን ያውቃል?»

«ጉድሩን ያውቃሉ። ሥጋ ቀምሰው በማን ጥይት እንደሞተ የሚናገሩ ሴት ናቸው።»

«እሱስ እውነት ነው።»

ትንሽ እንደሄዱ ዌንደል፣ «ሰሌዳው በቀለም ተጽፏል» አለ። የዱዌይን አዲስ የፖስታ ሣጥን አጠገብ ሲያልፉ ሣጥኑን እንዳይነካው መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ጠመዘዘ።

እሑድ ጠዋት ማሰሮውን ከመስኮቱ ደፍ አወረደ። ክዳኑ እንቢ አለው፤ አርሊስ ነገር ስታጠብቅ ታጠብቃለች። በፎጣ ይዞ ታግሎ ከፈተውና ከጥይቶቹ ጥቂቱን ኪሱ አገባ። ካሊፐሩ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ጋራዡን ሳይከፍት የሷን ጠመንጃ ይዞ ወጣ።

በየዓመቱ አርሊስን በፒክአፑ አድርሶ የሚያወርዳት ከተራራው ምንጭ በታች ካለው መታጠፊያ ነበር። ከዚያ ወዲያ የት እንደምትሄድ ጠይቋት አያውቅም፤ እሱ ወደ ክበቡ ይቸኩላል። አሁን ከመታጠፊያው ሽቅብ ወጣና ከምንጩ በላይ የወደቀ ግንድ አገኘ። ቅርፊቱ በአንድ በኩል ብቻ ተልጦ ለስልሷል። እዚያ ላይ ተቀመጠ።

የአደኗ ምስጢር ያ ነበር፤ መቀመጥ። ዌንደል በሕይወቱ ምንም ሳይለካ እንደዚያ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ አያውቅም። እግሩ በረደው፤ አፍንጫው ፈሰሰ። የጠመንጃው ሰደፍ ለሷ ክንድ ተቆርጦ ስለነበር አጠረው፤ ጉንጩን ሲያስጠጋ የሷ ጉንጭ ያለሰለሰው ቦታ ከሱ ከንፈር ጎን ዋለ።

አንዲት አጋዘን ውኃ ልትጠጣ መጣች። ትንፋሿ ይታያል፤ የቅንድቧ ፀጉር ላይ ያለው ውርጭ ይታያል። ከዚያ ቅርበት አረሩ ጥርሱን ቢነካም፣ ቢዘልም፣ ቢጨፍርም ለውጥ አልነበረውም። ዌንደል ተኮሰ፤ አጋዘኗ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ወደቀች።

ቀለሁን ከበረዶው ላይ አነሣው፤ ሞቅ ይላል። እስኪበርድ ድረስ በመዳፉ ይዞት ቆየ። ከዚያ ቢላውን አውጥቶ ሥራውን ጀመረ።

በእራቱ ቀን ሰሌዳው ደጅ ቆሟል፤ ድስቱም ሞልቷል። ወይዘሮ ጉድሩን ከሰው ሁሉ ቀድመው አንድ ድቡልቡል ቀመሱ፤ አኝከው ዋጡና ዌንደልን በሹካቸው ጠሩት።

«ይሄ ከጋራዡ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ከወጥ ቤቱ ነው።»

«አዎ፣ ወይዘሮ ጉድሩን፤ ከወጥ ቤቱ ነው።»

እሳቸውም ሳህኑን ሞልተው ሰጡት።

ወንዶቹ ግን ከበቡት። ነኪዎች በቀኝ፣ ዘላዮች በግራ ተቀመጡ። ስለ አጋዘኗ ክብደት የጠየቀ የለም፤ ስለ ርቀቱ የጠየቀ የለም።

«ስንት ነበር?» አለ አንዱ ነኪ።

«ምኑ?»

«ጥልቀቱ ነዋ! ነክቶ ነው ወይስ ዘሎ?»

«አልለካሁም።»

ማኘክ ቆመ። አንዱ ዘላይ ወንበሩን ትንሽ ሳብ አድርጎ ራቅ አለ። «በኋላስ? ቤት ስትገባ ቀሪዎቹን አልለካሃቸውም?»

«አልለካኋቸውም።»

ነኪና ዘላይ ተያዩ። ክበቡ ከተመሠረተ ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሰውየውን ሐዘኑ ጎድቶታል። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ሌላው ክረምቱን ከዘመድ ጋር ቢያሳልፍ እንደሚሻለው በለሆሳስ ለዱዌይን ነገረው።

ሰኞ ሳህን መምጣት ጀመረ። በሚያዝያ የመጡት ሴቶቹ ነበሩ፤ አሁን ወንዶቹ ራሳቸው ጋግረው መጡ። ያልበሰለ ድንች፣ ያረረ አይብ፣ አንዱማ ስኳርና ጨው የተምታታበት። እያንዳንዱ ደጃፉ ላይ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እንደው በርታ» ብሎ ሳህኑን አስረክቦ ይሄዳል። አርሊስ ስትሞት እንዲህ በርታ ያለው ሰው አልነበረም።

ዱዌይን የራሱን ሳህን ይዞ ሲገባ ዌንደል ወጥ ቤት፣ ከአርሊስ ፕሬስ ፊት ነበር። ያን ቀለህ አጥቦ፣ ባሩዱን በሷ ሚዛን መዝኖ ሞልቶ፣ በአፉ ላይ ከመደርደሪያዋ ያገኘውን አረር አቁሟል። መትከያውን ያያል። ቀይዋ የጥፍር ቀለም ጠብታ አልተሰነጠቀችም። ማሰሮውን ያን ሁሉ ወራት ሲጠብቅ ይህን አላሰበም ነበር፤ ጥይቶቹ ያልቃሉ፤ መትከያው ግን አርሊስ ባቆመችው ቦታ ላይ ቆሟል።

እጀታውን ሳበ። አረሩ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ጥይቱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ማሰሮውም ውስጥ ጨመረው።

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቡና ሊቀዳ ሄደ። ዱዌይን ካሊፐር ከኪሱ የማይለየው ሰው ነው። ጥይቷን ከማሰሮው አወጣ፤ ለካ፤ ቁጥሩን አየ፤ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ እንደገና አየ።

«ዌንደል።»

«ሰማሁ፤ ካሊፐርህ ይንጣጣል።»

«ልንገርህ?»

«አትንገረኝ።»

«ነክቷል ዘሏል ሳልል፣ ጥሩ ነው መጥፎ ብቻ ልበልህ?»

«ዱዌይን፣ አትንገረኝ።»

«እኔ ምን ሆኜ ነው ይሄን ይዤ የምኖረው?»

«ቀበቶው ጋ ደርሷል?»

ዱዌይን ጥይቷን አገላብጦ አየ። «ደርሷል።»

«እንግዲያው ይበቃዋል። መልሰህ ክተታትና ሳህን አምጣ፤ ያመጣኸውን ጉድ ብቻዬን አልበላም።»